የወፍጮ ሜካኒኩ ኪሮስና የትርንጎ ላፕቶፕ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው ኪሮስ ነው፤ የፃግብጂ ሰው፣ መጀመሪያ የወፍጮ ሜካኒክ፣ ኋላ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት፤ የመጀመሪያ ልጄ፣ ያን ጊዜ በእኛ መሥሪያ ቤት መረጃ ጸሐፊ። ሦስተኛው አቶ ምስጋናው ናቸው፤ በሰሃላ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር። አራተኛው እኔ ደሳለኝ ነኝ፤ የዚያው መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ፣ የአምስት ልጆች አባት። ኃላፊያችንም ነበሩ። እሳቸው ግን የሆነውን እስከ ዛሬ ስለማያውቁ ከቁጥሩ አላስገባቸውም።

የኪሮስን ማረፍ የነገረችኝ ትርንጎ ናት። ከኮምቦልቻ ደወለች።

«አባዬ፣ ኪሮስ አርፏል።»

«የቱ ኪሮስ?» አልኳት። የቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው የሚያፍርበትን ስም በድንገት ሲሰማ ትንሽ ፋታ ይፈልጋል።

«ኪሮስ ነዋ! የእኛው ኪሮስ። ጉበቱን ነው አሉ። ነገ እሳፈራለሁ፤ ለሠልስቱ እደርሳለሁ። እርስዎ አይሄዱም?»

«እሄዳለሁ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ስለ ኪሮስ ጥሩ ጥሩውን የሚናገር ሰው ለቅሶው ላይ አይጠፋም። እኔ የማውቀውን የሚያውቅ ግን ያለ አልመሰለኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ለልጆቼ ብዙ ምክር ሰጥቻለሁ፤ ይህ ግን ምክር አይደለም።

ኪሮስን መጀመሪያ ያየሁት ፃግብጂ ውስጥ ነው፤ ለንብረት ቆጠራ ተልኬ ሄጄ ሳለሁ። የአካባቢው ወፍጮ ቆሟል። ማሽላቸውን የተሸከሙ ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ደጁ ላይ ተኮልኩለዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሱፍ ቆብ ያጠለቀ ሰው የመሣሪያ ሣጥን ይዞ መጣ። ሞተሩን አላየም። ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣

«መጨረሻ የነካው ማን ነው?» አለ።

ባለወፍጮው «ማንም አልነካውም፤ ዝም ብሎ ቆመ» አለና ማለ።

ኪሮስ ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ እስኪነገረኝ ልረፍ» አለ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ። አንዷ «አንተ ሰውዬ፣ ዱቄት ነው የምንፈልገው፣ ንስሐ አይደለም!» አለችው። እሱ አልተነሣም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየ የባለወፍጮው አማች ራሱን እያከከ ቀረበና ሌሊት ናፍጣ ሲያልቅበት ላምባ እንደጨመረበት ተናገረ። ኪሮስ ተነሣ፤ ጋኑን አጠበ፤ ቱቦውን ነፋ፤ ሞተሩ ተነሣ። ልጁን አልተቆጣውም። «ነገርከኝ እኮ፤ አለቀ» ብሎት ሄደ።

በኋላ ስንተዋወቅ ምክንያቱን ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ «አያ ደሴ፣ ራሱ የቆመ ሞተር ታሟል ማለት ነው፤ እሱን ደጋግመው ካስነሡት ይገድሉታል። ሰው ያቆመው ሞተር ግን ደህና ነው፤ ሰውየው የሠራውን መልሶ ማፍረስ ብቻ ነው። ሁለቱን ሳልለይ እጄን አላስገባም።»

በዚያ ነገር ቤት ገብቼ ልጆቼን አስተማርኩበት። እውነት ማለት ይህ ነው አልኳቸው። የፋኖስ ብርጭቆ ሰብሮ «ድመቷ ናት» ያለኝን ሁለተኛውን ልጄን ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ አላነጋገርኩትም ነበር። ኪሮስ ደግሞ ለዚህ ቁጣዬ መሠረቱን ሰጠኝ።

ኪሮስ ወደ ኮምፒውተር የገባው በአጋጣሚ ነው። ሥራውን ጨርሶ የወጣ አንድ ፕሮጀክት ጄኔሬተር ለጠገነበት በክፍያ ፈንታ ሁለት የተበላሹ ኮምፒውተሮች ጥሎለት ሄደ። እነሱን እየፈታ፣ እየገጠመ፣ ወልድያ ያለ ጓደኛውን እየጠየቀ ራሱን አስተማረ። እኔም ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቀሪውን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ከአሮጌ ጋዜጣ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ወደድኩት። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አካባቢ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ የማያውቀው ኮምፒውተር አልነበረም። ኪሮስ ሱቁ በር ላይ ቆርቆሮ አስቀምጦ «ፍላሻችሁን እዚህ አራግፉና ግቡ» ይል ነበር፤ እንደ ጫማ። የራሱን ፍላሽ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል። አንዲት እናት «ክታብ ነው፣ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት «የሰው ደብዳቤ ነው፣ እናቴ፤ እንዳይጠፋብኝ ነው» አላቸው።

ሲሠራ ለማሽኑ በኽምጣኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ያወራለታል። ኃላፊያችን አንድ ቀን «ለምን በአማርኛ አታናግረውም?» ብለው ቢቀልዱበት፣ «አማርኛ ከለመደማ ማመልከቻ ጽፎ የዓመት ፈቃድ ይጠይቀኛል» አለ። ላፕቶፕ ሲሰጡት መጀመሪያ መዳፉን ከሥሩ ያስገባል፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚዳብስ ሰው። የሠራውን ሁሉ ደግሞ በደብተር ይጽፋል። ምን ትዕዛዝ እንደሰጠ፣ ማሽኑ ምን እንደመለሰለት፣ አንድ በአንድ። አንድ ደብተር ለእኛም መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ነበር።

ለመሥሪያ ቤታችን የጥገና ሥራ ውል የነበረው እሱ ነው። ለትርንጎ የተሰጣትን አሮጌ ላፕቶፕ ከቫይረስ ለማዳን ሊኑክስ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ጫነበት። ጥሩ ሠራ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ እንዴት እንደሚስል የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የስክሪን ድራይቨር ይሉታል። እሱ ስላልተገኘ ፊደሉ ሁሉ ተለጥጦ፣ ደብዝዞ ነበር የሚታየው። ሠንጠረዡም ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ትርንጎ አንድ ስም ለመጻፍ ወደ ግራ፣ ቁጥሩን ለመሙላት ወደ ቀኝ ስትገፋ ትውላለች። ማታ ቤት ስትገባ ዓይኗን በሁለት እጇ ትጫናለች።

የምትጽፈው የእህል ድጋፍ የሚሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር ነበር። የአቶ ምስጋናው ቀበሌ አራት መቶ ስምንት አባወራና እማወራ። እያንዳንዱ ሦስት ገጽ ቅጽ አለው። መብራት እየመጣ እየሄደ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ዝርዝሩ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ዓርብ እኩለ ቀን በሚነሣው መኪና ወደ ክልል መሄድ አለበት። ያን ዓርብ ያልደረሰ ስም እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። በዚያ ዓመት የሰሃላ ማሽላ በአበባው ነበር የደረቀው።

ኪሮስ ቅዳሜ መጥቶ ድራይቨሩን ከወልድያ በሲዲ እንዳስመጣ ነገራት። እኔ አልነበርኩም፤ ሲዲው መኖሩን ማታ ከትርንጎ ሰማሁ። «አሁን አልጭነውም» ብሏት ነበር፣ «ዝርዝሩ ዓርብ ይሂድ፤ በሥራ መሀል ሞተር አይፈታም።» ሲዲውን መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጦ የወፍጮ ጥገና ላይ ወደ ፃግብጂ ወጣ።

ሰኞ ዕለት ትርንጎ ምሳ ልትበላ ቤት ሄደች። የክፍሎቹ ሁሉ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ገባሁ። በምን ሐሳብ እንደገባሁ በሐቅ ልናገር፤ ግማሹ ለዓይኗ አዝኜ ነው። ግማሹ ግን ስትመለስ ስክሪኑ ጠርቶ አይታ «ማን ሠራው?» እንድትል ነው። የይለፍ ቃሏን አውቃለሁ። ሥራ በጀመረች ሰሞን «በእኔ ቤት ከአባት የሚቆለፍ ነገር የለም» ብዬ አስነግሬያታለሁ።

የኪሮስን ደብተር ከመደርደሪያው አወረድኩ። እዚያ ላይ ለሌላ ኮምፒውተር ድራይቨር የጫነበት አካሄድ ተጽፏል፤ በአማርኛ፣ በተራ ቁጥር። ሲዲው ውስጥ ሁለት ፋይል አለ። አንደኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የቆየ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ አዲስ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን መዶሻ እንኳ ስገዛ አሮጌውን ስመርጥ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን አዲሱ ይሻላል አልኩ። ስክሪኑን የሚስለው የላፕቶፑ ካርድ አርጅቶ አዲሱ ድራይቨር እንደማያውቀው እኔ በምን ልወቅ?

ደብተሩን እያየሁ ጻፍኩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜም እሺ አልኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ የማላውቀው ቃል ነበረበት። መዝገበ ቃላቴ ከዚያ ሃያ እርምጃ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አልሄድኩም። ያን ቃል ከሳምንት በኋላ ነው ያየሁት፤ «ችላ ይባላል» ማለት ነው። ካርዱን ችላ እለዋለሁ፣ ልቀጥል? ሲለኝ ነበር።

ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሣ። ምልክቱን አሳየ፤ ከዚያ ጨለመ። ደግሜ አስነሣሁት፤ ያው ነው። አጠፋሁት፣ ከደንኩት፣ አቧራ መከላከያ ጨርቁን እንደነበረ አለበስኩት፣ በሩን ቆለፍኩ። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፤ እንዳልራበኝ ለራሴ ነገርኩ።

ከሰዓት በኋላ የኃላፊያችንን ድምፅ የሰማሁት ንብረት ክፍል ሆኜ ነው።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ጋሼ። ጠዋት ስዘጋው ደህና ነበር።»

«ምንም ያልተደረገ ዕቃ ይጠፋል? ዝርዝሩን ሌላ ቦታ ገልብጠሽዋል?»

«አልገለበጥኩም። መብራቱ...»

«መብራቱን ተዪው!»

የገቢ ደረሰኝ እንደያዝኩ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ልጄ ወደ እኔ አየች። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ኪሮስ ተጠርቷል፤ ነገ ይመጣል፣ ይሠራዋል፣ ያልፋል አልኩ በልቤ።

ኪሮስ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ቁምጣውና እግሩ አቧራ ለብሷል። በዚያው ሰዓት አቶ ምስጋናውም ከሰሃላ ሁለት ቀን ተጉዘው ደርሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዝርዝሩ ሲሄድ በዓይናቸው ሊያዩ። ከኃላፊያችን ጋር ሆነን ጥቁሩን ስክሪን ለሽማግሌው አሳየናቸው። «እና ሰዎቼ ከዚህ ውስጥ ናቸው?» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘርግተው፣ ሳይነኩት።

ኪሮስ መዳፉን ከላፕቶፑ ሥር አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«መጨረሻ የነካው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ ትናንት ጠዋት» አለች ትርንጎ።

«ከዚያ በኋላስ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ቁልፍ ያዢው እኔ ነኝና።

«ማንም አልነካውም» አልኩ። «ቁልፉ ከእጄ አልወጣም።»

ሁለተኛው እውነት ነበር። ውሸት የሚታመነው አጠገቡ አንድ እውነት ሲቆምለት ነው፤ ይህን ያን ዕለት አወቅሁ።

ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠው ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። ይልቁንም ቆቡን አወለቀ። «አያ ደሴ ካሉ አለቀ» አለ። «እንግዲያው ራሱ ነው የቆመው። ካርዱ ተቃጥሏል ማለት ነው። ደጋግሜ ላስነሣው አልችልም፤ ዝርዝሩ ያለበትን ዲስክ ይዞብኝ ይሞታል።» አንድ ጊዜ ብቻ አስነሣው፤ ምልክቱ ታየ፣ ጨለመ። አጠፋው። በኽምጣኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ገልብጦ ብሎኖቹን እየፈታ ዲስኩን አወጣ። ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ የሚያነብበት ገመድ ሰቆጣ ውስጥ የለም። «ወልድያ ነው ያለው» አለ። «ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ለሹፌር የምሰጠው ዕቃ አይደለም።»

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ልጅ እንዳዘለ ሰው ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲወጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ በቢሯችን የሆነውን ማስታወስ ይደክመኛል። ኃላፊያችን ጸሐፊያቸውን አስነሥተው ኮምፒውተሯን ለትርንጎ ሰጧት። ከወረቀቱ እንደገና ትጻፍ፤ እስከ ደረሰችበት ያለው ይሂድ ተባለ። አራት መቶ ስምንት ቤተሰብ በሁለት ቀን ተኩል እንደማያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ መጣ።

ኃላፊያችን «አቶ ምስጋናው፣ ሰዎቹን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይምረጡ» አሉ።

ሽማግሌው ወንበር ቀርቦላቸው ከትርንጎ አጠገብ ተቀመጡ። የቅጹን ክምር ጭናቸው ላይ አደረጉ። እያንዳንዱን ፎቶ ያያሉ፤ ስም ያስነብባሉ፤ ከዚያ ወይ ለትርንጎ ይሰጣሉ፣ ወይ ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ።

«ይቺ ባሏ የሞተባት ናት፤ ትግባ። ይሄ ሦስት ፍየል አለው... ይቆይ። አይ፣ ፍየሎቹን ለልጁ ሕክምና ሸጧል፤ ስጪኝ፣ ስጪኝ፣ ይግባ።»

«እኚህስ፣ አባቴ?» አለች ትርንጎ አንድ ቅጽ ከክምሩ አንሥታ።

«እነሱን ወደ ታች አድርጊያቸው።»

«ስምንት ነፍስ ናቸው እኮ።»

«ልጄ፣ ያ የእኔ ነው። ቀጥሎ ያለው የወንድሜ ነው። ወደ ታች።»

እኔ ሻይ አመጣሁላቸው። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዘጠና ስድስት ቤተሰብ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሄደ። ትርንጎ የመጨረሻውን ገጽ ካወጣች በኋላ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት ብርጭቆ መያዝ አቅቷት ነበር። አቶ ምስጋናው ወለሉ ላይ የቀረውን ክምር ለቅመው በጋቢያቸው ጠቀለሉት። «ምን ብዬ ነው የምገባው?» አሉ።

ኪሮስ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ከኮረም በላይ ጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር። ዝርዝሩን በፍላሹ ገልብጧል፤ አራት መቶ ስምንቱም አለ። መኪናው ግን ሄዷል፤ ያለ ማኅተም በኢንተርኔት ብንልክ አይቀበሉም። ኃላፊያችን መጀመሪያ ትርንጎን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ።

«እንዲህ ያለ ሥራ የማን ጥፋት ነው?» አሉ።

ኪሮስ እኔን አየኝ። ረጅም አልነበረም አስተያየቱ። ከዚያ፣

«የእኔ ነው» አለ። «ሊኑክሱን የጫንኩት እኔ ነኝ። ሥራ ከመጀመሯ በፊት የምትጽፈውን መገልበጫ ማዘጋጀት የነበረብኝም እኔ ነኝ። ልጅቷን አይናገሯት።»

«እንግዲህ ወፍጮና ኮምፒውተር አንድ አይደለም» አሉ ኃላፊያችን።

«አይደለም» አለ ኪሮስ።

ሁሉም ሲወጣ እኔን ንብረት ክፍል መጥቶ አገኘኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጎ ዲስኩን መለሰበት፣ ብሎኖቹን አሰረ። እየሠራ ነበር የሚያወራው።

«አያ ደሴ፣ ሊኑክስ የተጻፈለትን ትዕዛዝ ሁሉ በፋይል ያስቀምጣል፤ ሰዓቱንም የሚያስቀምጥበት ሌላ ፋይል አለ። ወልድያ ስከፍተው የራሴን ደብተር አገኘሁበት። ቃል በቃል። ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል።»

የቀረውን ብሎን አንሥቼ አቀበልኩት።

«ትርንጎ ያን ሰዓት ምሳ ላይ ናት» አለ።

«ለዓይኗ አዝኜ ነው» አልኩት። ከአፌ የወጣው መጀመሪያ እሱ ነው።

«አውቃለሁ።» ላፕቶፑን አስነሣው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሌላ አነሣስ መረጠ፤ ነጭ ጽሑፍ መጣ። እኔ የጫንኩትን ነቀለ፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን፣ አሮጌውን ጫነ። አጥፍቶ አስነሣው። ስክሪኑ በራ። ፊደሉ እንደ ተሳለ እርሳስ ጠርቶ፣ ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ኪሮስ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ሃያ ደቂቃ አልሞላም» አለ። ሊያሳፍረኝ አልነበረም፤ ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ማክሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ ሰው ሳይመረጥ ያልቅ ነበር።»

«ለኃላፊው ልንገራቸው?» አልኩት። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንደማይናገር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ለእሳቸው ቢነግሩ ባይነግሩ መኪናው ሄዷል። ለልጅዎ ግን ይንገሯት። ያን እኔ አልነግርልዎትም።»

ቆቡን አጥልቆ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ለጥገና ኪሮስን አልጠራም። የእኛን አይተው ሌሎቹም ተዉት። ሱቁን አንድ ዓመት ያህል ገፋበትና ዘጋ፤ ወደ ወፍጮው ተመለሰ። በገበያ ቀን አንዳንዴ እንገናኛለን። እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሰላምታውን አላጎደለብኝም። «ትርንጎ ደህና ናት?» ይላል ሁልጊዜ። «ደህና ናት» እላለሁ። እጄን ሳይለቅ ትንሽ ይቆያል፤ ሌላ ነገር እንድጨምር። እኔ ስለ ዝናብ እጀምራለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲያ አደረግሁት!

ለሠልስቱ ፃግብጂ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። ስለ ወፍጮው ሲያወሩ፣ ስለ ቀልዱ ሲያወሩ ሰማሁ። አንድ ሰው «ኮምፒውተርም ሞክሮ ነበር እኮ፤ አልሆነለትም» አለ። ትርንጎ ማዶ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሰምታለች፤ አቀርቅራ ቀረች። እኔም አቀረቀርኩ። ሞቶም ስሙን አላነሣሁለትም።

ስንመለስ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በእግራችን ነበርን። እሷ ትቀድማለች፤ ጉልበቴ ስለማይከተላት እየቆመች ትጠብቀኛለች። አንደኛው ማረፊያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትርንጎ፣ ያን ላፕቶፕ የነካሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ውኃ ከኮዳዋ ቀዳችልኝ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ኪሮስ ነገረሽ?»

«ኪሮስ? ኪሮስማ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። የይለፍ ቃሌን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማን ነበር? ያንኑ ሰኞ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አስቀድመው እርስዎ እንዲናገሩ ነበር የጠበቅሁት። ማክሰኞ ይናገራሉ ስል፣ ረቡዕ ይናገራሉ ስል...» አላጠናቀቀችውም። «ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ የነገርኩዎት የልቤ ነገር አለ? ኮምቦልቻ የሄድኩትስ ለምን ይመስልዎታል? ይጠጡ፤ መኪናው ያመልጠናል።»

ጠጣሁና ተነሣሁ።

የንብረት ክፍል ሰው ነኝና ነገሩን ደምሬ ልዝጋው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ አንድ ዙር ሙሉ እህል ሳይሰፈርለት ቀረ፤ ከእነሱ ውስጥ ፍየሉን የሸጠውን፣ በሩን ዘግቶ እንጀራ ፍለጋ የወረደውን አልቆጠርኩም። አቶ ምስጋናው «መርጠህ አስቀረኸን» ተብለው ከሊቀመንበርነታቸው ወረዱ፤ የራሳቸውን ቅጽ ከሥር ማድረጋቸውን ማን ይነግርላቸዋል? ትርንጎ ዝርዝሩን ሳትገለብጥ ቀርታለች ተብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ከዓመት በኋላ ባነሰ ደመወዝ ኮምቦልቻ ሄደች። ኪሮስ ሱቁን፣ እጁ የያዘለትን ሙያና በዚያ ሙያ የነበረውን ስም ሰጠ። እኔ ልጄን። ይህ ሁሉ የተከፈለው እኔ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በአራት ሰው ፊት፣ ለሃያ ደቂቃ እንዳላፍር ነው።